ስም ማዋስ

የሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ አጎቴ ከሞተ በኋላ ለእሱ ካለቀስኩት በእሱ የተነሳ ያለቀስኩት ይበልጣል። ይህን ጮክ ብዬ የምናገርበት ቦታ የለኝም። በእኛ ዘንድ የሞተ ሰው ሁሉ ደግ ነው፤ አጎቴ ደግሞ በሕይወት እያለም ደግ ነበር። እንግዲህ ደግ ሰው ላይ፣ ያውም ሙት ላይ፣ ንዴት እንዴት ይወጣል? ለዓመታት ይዤው ዞርኩ፤ አሁን ሰለቸኝ።

ቤታችን ቴምቢሳ ነበር። ቤት ስል ከሱቁ ኋላ ያለችውን ክፍል ማለቴ ነው። ጆሃንስበርግ ያለን ሐበሾች ከከተማው ዳር ያሉትን የድሃ ሰፈሮች ሎኬሽን እንላቸዋለን፤ በየሎኬሽኑ በብረት ፍርግርግ ተከልለን ዳቦ፣ ወተት፣ የበቆሎ ዱቄት፣ ላምባና ኤርታይም የሚባለውን የስልክ ካርድ የምንሸጥበትን ሱቅ ደግሞ ስፓዛ። እናቴ፣ ታናሽ ወንድሜና እኔ የምንተኛው በዱቄቱ ጆንያና በላምባው በርሜል መካከል ነበር። መስኮት የለም፤ መስኮት ካለ ሌባ አለ። እናቴ ደረቷን ያማታል። የዚህ አገር ክረምት ዝናብ የሌለው ደረቅ ብርድ ነው፤ እሱ በገባ ቁጥር ትንፋሿ ያፏጫል። ከሥራ ስመለስ በፍርግርጉ ቀዳዳ ለደንበኛ መልስ እየሰጠች ስታስል ከመንገድ ይሰማኛል። ሥራ ከጀመርኩ ጊዜ አንስቶ ሐሳቤ አንድ ብቻ ነበር፤ እናቴን ከዚያች ክፍል ማውጣት።

አባቴ ከሆሳዕና አካባቢ ይዞን መጥቶ፣ ሱቁን ከፍቶ፣ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ በስንት ምልልስ አግኝቶ፣ ብዙም ሳይጠቀምበት ሞተ። ፈቃዱ ለእኔና ለወንድሜ ተረፈን፤ እናቴን ግን ዘለላት፤ ጋብቻቸው የቤተክርስቲያን እንጂ የመንግሥት ወረቀት አልነበረውም። እሷ እስከ ዛሬ በየጊዜው በሚታደስ የጥገኝነት ፐርሚት ነው ያለችው። እኔ ግን አይዲ፣ የአገሩ መታወቂያ፣ አለኝ። እዚህ በእኛ ሰው መካከል ስለ አንዲት ልጅ «አይዲ አላት» ከተባለ ስለ መልኳ የሚጠይቅ የለም። በአይዲዋ ሰው መኪና ይገዛል፣ ቤት ይከራያል፣ ስልክ ያወጣል። ሁሉም የሚጠይቃት ደግሞ በአንድ አነጋገር ነው፤ «ስምሽን አውሺኝ።»

ቃሏን ልብ በሉልኝ። በአማርኛ ገንዘብ ይበደሩታል፤ ድስት ይዋሱታል። የተበደሩት ገንዘብ ሲመለስ ሌላ ብር ነው፤ የተዋሱት ድስት ግን ያው ራሱ ታጥቦ፣ ቢበዛ ቂጡ ጠቁሮ፣ ለባለቤቱ ይመለሳል። ወገኖቼ ስምን የመደቡት ከድስቱ ጋር ነው። ተጠቅመው የሚመልሱት ዕቃ መሰላቸው። አልፈርድባቸውም፤ ባደጉበት አገር ስም የሚጠፋው በሰው አፍ እንጂ በኮምፒውተር አልነበረም።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ኦሬንጅ ፋርም ውስጥ የራሱ ስፓዛ ነበረው፤ ከእኛ ዘንድ ለመድረስ ታክሲ እየቀያየሩ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው። አባቴ ሲሞት ሱቃችን እንዳይዘጋ ዕቃ የሞላልን እሱ ነው። የትምህርት ቤት ክፍያዬን የከፈለ፣ ዩኒፎርሜን የገዛ፣ በወላጆች ቀን እንግሊዝኛው ሳይገባው ከፊት ወንበር ተቀምጦ ያጨበጨበልኝ እሱ ነው። የራሱ ሚስትና ልጆች ሆሳዕና ነበሩ። የኮሮና ወረርሽኝ መጥቶ አገሩ በተዘጋ ጊዜ የሱቁን በር ቆልፎ ለሳምንታት ሲቀመጥ፣ ከልጆቹ ጋር የሚያገናኘው ስክሪኑ የተሰነጠቀ አንድ አሮጌ ስልክ ነበር። ልጆቹን በስንጥቁ በኩል ነበር የሚያያቸው።

ክልከላው ላላ ሲል መጣና «በስምሽ ኮንትራት አውጪልኝ» አለኝ። «ልጆቼን በደንብ ልያቸው።»

እናቴ ኮንትራት ሲል ሰምታ «ደግሞ ታክሲ ምን ያደርግልሃል?» አለችው፤ እኛ አገር ኮንትራት ሲባል ለብቻ የሚያዝ ታክሲ ነዋ። ሦስታችንም ሳቅን። በዚያ ቤት ስለ ኮንትራት የተሳቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው። እዚህ አገር ኮንትራት ማለት ስልኩን ዛሬ ወስደው ዋጋውን በየወሩ ለሦስት ዓመት የሚከፍሉት ነው፤ ለዚያ ደግሞ አይዲ፣ የባንክ ሂሳብና የደመወዝ ወረቀት ያስፈልጋል። ፐርሚት ይዞ ሱቅ የሚነግድ ሰው ገንዘብ ቢኖረውም አንዱንም አያሟላም። እምቢ ማለት በሐሳቤም አልመጣ። ያሳደገኝ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ ደስ ነው ያለኝ።

ስልክ መሸጫው ውስጥ ጭምብላችንን አድርገን ተሰለፍን። ሻጯ የአይዲ ቁጥሬን አስገባችና ቅንድቧን ከፍ አደረገች። «ሲስተሙ አያውቅሽም። ከማንም ተበድረሽ አታውቂም?»

«ኧረ በጭራሽ» አልኳት፣ ምስጋና የምጠብቅ ይመስል።

እሷ ግን አዘነችልኝ። ተበድሮ የማያውቅ ሰው እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ጨዋ አይደለም፤ የለም። ደመወዜን አይታ፣ ደውላ፣ ጠይቃ፣ በመጨረሻ ጸደቀልኝ። «በየወሩ በቀኑ ከከፈልሽ በዚህ ስልክ ስም ትሠሪያለሽ» አለችኝ ሳጥኑን እያቀበለችኝ። «ነገ ቤት ስትጠይቂ መጀመሪያ የሚያዩልሽ ይህንን ነው።» ለአጎቴ ተረጎምኩለት። ፊቱ በራ። «አየሽ! ስልኩን የወሰድኩት እኔ፣ የተጠቀምሽው አንቺ!» አለኝ። መንገዱን ሁሉ ይህንኑ ሲደጋግም ሄደ።

እውነቱንም ነበር። ክፍያው ከእኔ ሂሳብ ይቆረጣል፤ እሱ ደግሞ ከመቆረጡ በፊት ይልክልኛል። አንድም ወር አላሳለፈም። ሱቁ የተዘረፈ ጊዜ እንኳን ከሰው ለምኖ ላከ። በእሱ ጨዋነት የእኔ ስም ተገነባ፤ ባንኩ «ውድ ደንበኛችን» እያለ ይጽፍልኝ ጀመር፣ የልብስ መደብሮች ካርድ እንስጥሽ አሉኝ። እኔም ከቴምቢሳ ብዙ በማይርቀው በኬምፕተን ፓርክ የሁለት ክፍል ቤት ኪራይ ስንት እንደሆነ መጠያየቅ ጀመርኩ።

በቀጣዩ ክረምት የወረርሽኙ ሦስተኛ ማዕበል መጣ። አጎቴ «ጉንፋን ነው» እያለ ሲሸጥ ቆይቶ ትንፋሹ ሲያጥረው ሆስፒታል ገባ። ከዚያ አልወጣም። አስከሬኑን ወደ አገር መላክ አልሆነልንም፤ እዚሁ፣ ጥቂት ሰው ብቻ ቆሞ፣ ቀባሪዎቹ እንደ ጠፈር ሰው ተሸፍነው ቀበሩት። እናቴ ወንድሟን ሳትነካው ተለየችው። ስለዚያ ቀን ብዙ አልጽፍም፤ የሚያናድደኝ ሌላ ነው፣ የሚያሳዝነኝ ግን ያ ነው።

ለቅሶው በቪዲዮ ሆነ። ቴምቢሳ፣ ሶዌቶ፣ ሆሳዕና ያለ ሰው ሁሉ በየትንሽ ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጧል። ከጸሎቱ በኋላ የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው በአገር ቤቱ ልማድ ጠየቁ። «ወንድማችን ዕዳ ካለበት፣ ወይም ያበደረው ሰው ካለ፣ ዛሬ በወገን ፊት ይናገር።»

ስልኬ ላይ ድምፄ ተዘግቶ ነበር። ልክፈተው ብዬ ጣቴን አስጠጋሁ። ኮንትራቱ ገና ግማሹን አላገባደደም፤ የሚያውቅም ከእናቴ በቀር የለም፤ እሷም የምታውቀው ስልክ እንደወጣለት እንጂ ከማን ሂሳብ እንደሚቆረጥ አይደለም። ያን ጊዜ ከሶዌቶ አንድ ጎልማሳ ቀደመኝ። እያለቀሰ «እኔን አበድሮኛል፤ ማንም አያውቅም፤ ለሚስቱ እልካለሁ» አለ። «ተባረክ!» «ሃሌሉያ!» ሳጥኖቹ ሁሉ ተንጫጩ። ሽማግሌው «እንዲህ ያለ ሰው ነው የሞተብን፤ ሰጪ እንጂ ተቀባይ ያልነበረ» አሉ። ከዚህ በኋላ እኔ ምን ልበል? ሰጪ እንጂ ተቀባይ ያልነበረው ሰው የስልክ ዕዳ አለበት ልበል? እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ እያነባች? ይሉኝታ ያዘኝና ጣቴን መለስኩ። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር የፈጠረው ሰው፣ መቼም አይዲ አልነበረውም።

ደንበኛ ሲሞት ኮንትራቱ እንደሚዘጋ ሰምቼ ነበር። የሞት ምስክር ወረቀቱን ይዤ ወደዚያው መሸጫ ሄድኩ። ሌላ ሻጭ ናት።

«ማነው የሞተው?»

«አጎቴ።»

«ኮንትራቱ በማን ስም ነው?»

«በእኔ።»

ወረቀቱን ቀስ አድርጋ ወደ እኔ ገፋችው። «ሲሲ፣ እህቴ፣ አንቺ እኮ አልሞትሽም» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም፤ የሥራዋን ነው የነገረችኝ። ኮንትራቱን ማፍረስ ከፈለግሁ የቀረውን ሁሉ በአንድ ጊዜ መክፈል አለብኝ። ከየት አምጥቼ?

ስልኩስ? አጎቴ ያልተመለሰበት አገር ስልኩ ተመለሰ። ወደ ሆሳዕና የሚሄድ ሰው ከልብሱና ከሰዓቱ ጋር ለትልቁ ልጁ ወሰደለት። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ የሟች ንብረት ነዋ። ልጁም ደወለልኝ። «እህቴ፣ ምን የመሰለ ስልክ ነው! መክፈቻው ቁጥር ስንት ነው?» ነገርኩት። የራሱ የልጁ የትውልድ ዓመት ነበር። ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጌ መልሰህ ላክልኝ እለዋለሁ?

የቻልኩትን ያህል ወራት ከፈልኩ። የምሠራው ዓይን ሐኪም ቤት በእንግዳ ተቀባይነት ነው፤ ማዕበል በመጣ ቁጥር ታማሚ ይቀራል፣ ታማሚ ሲቀር የሥራ ሰዓታችን ይቆረጣል፣ ከሰዓቱ ጋር ደመወዙ። አንድ ወር የሱቁ ኪራይና የእናቴ የትንፋሽ መድኃኒት በአንድ ወገን፣ ሆሳዕና ያለው ስልክ በሌላ ወገን ሆነው መምረጥ ነበረብኝ። መረጥኩ። ባንኩ «በቂ ገንዘብ የለም» ብሎ ለስልክ ኩባንያው ሰዎች መለሰባቸው። በሚቀጥለውም ወር እንዲሁ። መስመሩ ተዘጋ፤ የሚጠቀምበት ስላልነበረ የተዘጋውን ያወቅነው እኔና እነሱ ብቻ ነን። መጀመሪያ በትህትና ጻፉልኝ፤ ቀጥሎ ትህትናው ቀረ። ከዚያ ዕዳ ሰብሳቢዎች በሥራ ቦታዬ ይደውሉ ጀመር፤ ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ እየጠሩ፣ አንዱንም በትክክል ሳይጠሩ። ዕዳ ከሜዳ ይሏል ይህ ነው። አያቴ ስልክ አይቶ የማያውቅ ገበሬ ነበር፤ የእሱ ስም ጆሃንስበርግ ውስጥ በዕዳ ተጠራ። ጥቂት በጥቂት መክፈል ጀመርኩ፣ ያለፈልኝም መሰለኝ።

በዓመቱ ሰዓታችን ተመለሰ። ኬምፕተን ፓርክ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሁለት ክፍልና ወጥ ቤት ያለው ቤት አገኘሁ። እናቴን ይዣት ሄድኩ። ቧንቧውን ከፈተች፣ ዘጋች፣ መልሳ ከፈተች። መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፍታ ለረጅም ጊዜ ቆመች። «ላምባ አይሸትም» አለች በመጨረሻ። ማታውኑ ከሱቁ ባዶ ካርቶን ለቅማ ዕቃዋን ማሰር ጀመረች።

የአከራዩ ወኪል ጥርሷ የሚያምር፣ ቶሎ ቶሎ የምታወራ ሴት ናት። «ደመወዝሽ ይበቃል፤ ስምሽ ግን አይበቃም» አለችኝና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። የስልኩ ክፍያ ወሮች ተደርድረዋል። አጎቴ በሕይወት የነበረባቸው ወሮች ሁሉ ንጹሕ ናቸው። እሱ ከሞተበት ክረምት ትንሽ አለፍ ብሎ መበላሸት ይጀምራል፣ እየባሰም ይሄዳል። መቃብሩ ላይ ገና ድንጋይ አላቆምንለትም ነበር፤ ሞቱን ግን እዚያ ስክሪን ላይ አየሁት፣ በእኔ ስም ተጽፎ።

«አጎቴ ሞቶ ነው» አልኳት።

«በጣም አዝናለሁ። ግን እዚህ ላይ አጎትሽ የለም።» ከፍዬ ስጨርስ የዕዳው ምልክት እንደሚነሳ፣ የየወሩ አከፋፈሌ ግን ለዓመታት እንደሚታይ አስረዳችኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ኮምፒውተሩ ከሁለቱም ይብሳል። ስወጣ ተከትላኝ መጣች። «ስሙ ንጹሕ የሆነ ሌላ ሰው ከፈረመ ግን ይሆናል። እስከ ዓርብ ልያዝልሽ» አለችኝ።

እናቴ ካርቶን በገመድ እያሰረች አገኘኋት። «ምን አሉሽ?»

እሷና እኔ የምናወራው በአማርኛ ነው፤ እኔ ሐዲይኛውን በልጅነቴ ትቼዋለሁ፣ እሷም አማርኛውን ያጠራችው እዚህ ቤተክርስቲያን ውስጥ ነው። እኔ የወኪሏን እንግሊዝኛ በጭንቅላቴ ይዤ «እማ፣ ስሜ ተበላሽቷል» አልኳት።

ገመዱ ከእጇ ወደቀ። «ማነው?»

«ማን ማነው?»

«ሰውየው ነዋ! ማነው ያበላሸሽ?»

በአማርኛ የሴት ልጅ ስም ከተበላሸ መሐል ላይ አንድ ወንድ አለ። ሳቄ መጣ፤ ሳቁ አልቆም ብሎ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ ልቅሶዬ ደግሞ ለእናቴ ማረጋገጫ ሆናት። በማግሥቱ የሴቶች ጸሎት ላይ ማን እንደነገራቸው አልጠየቅሁም። መሐል አስቀምጠው እጃቸውን ጫኑብኝ፤ ጌታ ስሜን እንዲያድስልኝ እያለቀሱ ጸለዩ። አንዷ በጆሮዬ «መግደላዊትን የማረ አንቺንም ይምራል» አለችኝ። የስልክ ኮንትራት ነው እኮ ብዬ ልጩህ ከጅሎኝ ነበር።

ከጸሎቱ ስንመለስ መንገድ ላይ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። መቆሚያ እንዳጣ ሰው ግድግዳ ተደገፈች። «ወንድሜ ዕዳ ትቶ የሚሞት ሰው አይደለም» አለች።

«አይደለም እማ። እሱ ንጹሕ ነው። ዕዳው የእኔ ነው።»

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ የእሱስ ዋለ። የእኔ ነው ከእሱ ጋር የተቀበረው። እናቴ ግን ይህን ለማዘን ጊዜ አልሰጠችውም፤ ካርቶኖቹ ታስረዋል፣ ዓርብ ነገ ነው። ቤት እንደገባን ወንድሜን ጠራችው። እሱ መጋዘን ውስጥ ሥራ ከያዘ ቆይቷል፤ ከአንድ የልብስ መደብር በዱቤ ጫማ ወስዶ በየወሩ በቀኑ ይከፍላል። ስሙ ንጹሕ ነው።

«ስምህን ለእህትህ አውሳት» አለችው። «ቤቱን በአንተ ስም እንያዘው፤ ኪራዩን እሷ ትከፍላለች።»

«ሹር እማ፣ ኖ ስትረስ፣ ችግር የለም» አለ፣ ከስልኩ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ።

ደስ ብሎት ነበር። እናቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ጠየቀችው። ቀጣዩ ማዕበል መጥቶ ሰዓቴ ቢቆረጥ፣ ኪራዩ ቢያልፈኝ፣ ያ ስክሪን ላይ የሚደረደረው የእሱ ወር ነው።

«እምቢ» አልኩ።

ሁለቱም ያልሰሙ መሰሉ። ደገምኩት። ወንድሜ «እኔ እኮ ችግር የለብኝም» አለ። «ባይኖርብህም እምቢ» አልኩት። ምክንያቱን ዘረዘርኩ፤ ሰዓቴን፣ ማዕበሉን፣ ወሮቹን። እናቴ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ለአጎትሽ ሰጥተሽ ለእኔ ትከለክያለሽ?» አለችኝ።

እውነት ነው። ለአጎቴ እምቢ አላልኩም፣ ለሽማግሌው ዝም አልኩ፣ ስልኩን ይዞ ለሄደው ዝም አልኩ፣ እጃቸውን ለጫኑብኝ ሴቶች አሜን አልኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያው እምቢታ ያረፈው እናቴ ላይ ነው።

ዓርብ አለፈ። ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን ከመክፈቷ በፊት ካርቶኖቹን እየፈታች ዕቃዋን ወደየቦታው ስትመልስ ነቃሁ። እያሳለች ነበር። ተነስቼ አንዱን ካርቶን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ።

«ተይው» አለችኝ፣ ዞር ብላ ሳታየኝ። «ስም ባይኖረኝ እጅ አለኝ።»